ካይት ለሚጎትተው ቦርድ የትኛው ሞዞ ይበረክታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የማውንቴንቦርድ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ሰብስበናል። አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት ሞዞ ላይ ስለሆነ ለየብቻ መመለሱ ድግግሞሽ ይሆንብናል ብለን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ማውንቴንቦርድ አራት ትንንሽ ባለ ንፋስ ጎማ ያለው፣ እግር በማሰሪያ የሚገባበት ሰሌዳ ነው። ቁልቁለት ላይ በራሱ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሰውን የሚጎትት ትልቅ ካይት፣ ማለትም በገመድ የተያዘ በንፋስ የሚበር ጨርቅ፣ ተይዞ ይነዳል። እዚህ ቦርድ ላይ ሞዞና ቸርኬ በአብዛኛው የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ጎማውንም ኩሽኔታውንም የሚይዘው አንድ አካል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ግማሽ ሆኖ በቡሎን ይታሰራል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። በካይት እየተጎተትኩ ማውንቴንቦርድ እነዳለሁ። ሰውነቴ ከበድ ይላል፣ 90 ኪሎ ገደማ ነኝ። የምነዳው አንዳንዴ ጠጠር ያለ የባህር ዳር አሸዋ ላይ፣ አንዳንዴ ሳር ላይ ነው፤ መዝለልም እወዳለሁ። ከቦርዱ ጋር የመጣው የፕላስቲክ ሞዞ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ዙሪያ ላይ ተሰነጠቀብኝ። ያንኑ ዓይነት ገዝቼ ቀየርኩ፣ እሱም እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ጓደኞቼ «አልሙኒየም ግዛና ተገላገል» ይሉኛል። ልግዛ ወይስ ሌላ የማየው ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት የተሰበሩትን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ እያቸው። አንድ ቦታ ላይ መሰንጠቃቸው ራሱ ብዙ ይናገራል። ስንጥቁ የቸርኬው ጠርዝ ላይ ቢሆን ኖሮ ድንጋይ መትቶሃል ወይም ጎማህ ንፋስ አንሶታል እልህ ነበር። የቡሎን ቀዳዳ ላይ ቢሆን ደግሞ ወይ ከልክ በላይ አጥብቀሃል፣ ወይ ላልቶ ሳታየው ነድተሃል። የኩሽኔታው መቀመጫ ላይ ሲሆን ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው የጎን ግፊትን ነው።

ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ክብደቱ በአብዛኛው ወደ ታች ነው የሚጫነው። ካይት ግን ወደ ጎን ይጎትታል። አንተ ወደ ኋላ ተደግፈህ ትቋቋመዋለህ፣ ጎማው መሬቱን ይነክሳል፣ መሬቱ ደግሞ የጎማውን ታች መልሶ ወደ ጎን ይገፋዋል። ይህ ግፊት መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ ካይቱ እስከጎተተ ድረስ አለ። ደግሞ ወደ ግራም ሂድ ወደ ቀኝ ጀርባህን ለንፋሱ ሰጥተህ ስለምትነዳ፣ ቦርዱ የሚገፋው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ሞዞ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየተጠመዘዘ ይውላል።

እስቲ ሂሳቡን እንስራው። አንድ ጎማ ላይ 300 ኒውተን የጎን ግፊት አለ እንበል፣ የ30 ኪሎ ሸክም ያህል ማለት ነው። ባለ 8 ኢንች ጎማ ከዳር እስከ ዳር 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከመሃሉ እስከ መሬት 100 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሞዞውን አክስሉ ላይ ሊያጣምመው የሚታገለው ጉልበት 30 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህን የሚችሉት ሁለቱ ኩሽኔታዎች ናቸው፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየገፋ። በኩሽኔታዎቹ መካከል ያለው ርቀት 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዳቸው 1000 ኒውተን ይሸከማሉ። ርቀቱ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን 600 ብቻ። ሰውየው ያው፣ ካይቱ ያው፣ ጎማውም ያው ነው። ይህ ደግሞ ተረጋግተህ ስትነዳ ነው፤ ከዝላይ ቦርዱ ጋደል ብሎ ሲያርፍ ቁጥሩ ስንት እጥፍ እንደሚያድግ አንተው ገምት።

እንግዲህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቀው «ብረት ነው ፕላስቲክ?» ብለህ አይደለም። ኩሽኔታዎቹ ምን ያህል ተራርቀዋል? መቀመጫቸው ዙሪያ ያለው ግድግዳ ስንት ሚሊ ሜትር ይወፍራል? ከመቀመጫው ወደ ጠርዝ የሚሄዱት ክንዶች ሥራቸው ላይ ሰፋ ብለው፣ ክብ ቅርጽ ይዘው ነው የሚጀምሩት ወይስ ሹል ማዕዘን ሠርተው? ስንጥቅ ሹል ማዕዘን ይወዳል። ፎቶው ላይ የሚያምሩ ቀጫጭን ክንዶችን ተዋቸው፤ ለካሜራ ጥሩ ናቸው። ቀለሙንማ አታንሳብኝ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ዕቃ አለች። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል አክስሉ ላይ የምትገባ ቱቦ አለች፣ ስፔሰር የሚሏት። ሥራዋ የኩሽኔታዎቹን የውስጥ ቀለበት አራርቆ መያዝ ነው። ከሌለች ወይም ካጠረች፣ የአክስሉን ዳዶ ስታጠብቅ የውስጥ ቀለበቶቹ ወደ መሃል ይጨመቃሉ፣ ኳሶቹ ወደ ጎን ይታፈናሉ፣ ኩሽኔታው ይሞቃል ወይም ይንቀራፈፋል። ያን ፈርተህ ዳዶውን ስታላላ ደግሞ ጎማው ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው መቀመጫውን እየቀጠቀጠ ያሰፋዋል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። የአንተ ሁለት ሞዞዎች እዚያው ቦታ ላይ የሄዱት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ስፔሰሯ መኖሯን፣ ርዝመቷም በውስጥ ካለው ርቀት ጋር ልክ መሆኑን አረጋግጥ። ይህን ሳታደርግ አልሙኒየም ብትገዛም ትርፉ ውድ ስንጥቅ ነው።

ወደ ቁሱ እንምጣ። የፕላስቲክ ሞዞ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ፋይበርግላስ የተቀላቀለበት ናይለን ነው፤ እሱም የሚናቅ ዕቃ አይደለም። ሲመታ ትንሽ ይለመጣል፣ ይመለሳል። ከአልሙኒየም በግማሽ ገደማ ይቀላል። ጨው አይበላውም። ድክመቱ ሌላ ነው። ናይለን ውሃ ይጠጣል፤ ተራው ናይለን 6 ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከቆየ ከክብደቱ 9 በመቶ ገደማ ሊጠጣ ይችላል፣ ፋይበርግላስ ሲቀላቀልበት መጠኑ ይቀንሳል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የኩሽኔታው መቀመጫም ልኩን ያጣል። በጣም ደረቅና ብርድ ሲሆን ደግሞ ተገላብጦ ይደርቃል፣ ያኔ ተሰባሪ ነው። ፀሐይም ትጎዳዋለች፤ ጥቁሩ ከነጩ የተሻለ ይችላታል።

አልሙኒየም ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነታቸውም የሰማይና የምድር ነው። አንዱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። ርካሽ ነው፤ በጥንቃቄ ካልተሠራ ውስጡ የአየር ቀዳዳ ይቀርበታል፣ ሲመታ ሳይለመጥ ይሰበራል። ሌላው ከድፍን አልሙኒየም በማሽን የተቀረጸ ነው። ሻጩ «6061-ቲ6» የሚል ከጻፈ የዚህ ዓይነቱ የተለመደ ቁስ ነው፤ ቋሚ ቅርጹን ማጣት የሚጀምረው በአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 275 ኒውተን አካባቢ ሲደርስ ነው። የኩሽኔታው መቀመጫ በትክክል ይቀረጻል፣ ልኩንም ይዞ ይቆያል። ለአንተ ጉዳይ ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነው። ግን ዘላለማዊ አይደለም። አልሙኒየም የተደጋጋሚ ጭነትን ድካም ያጠራቅማል፤ ትንንሹም ምት ይቆጠርበታል። የብረት ቡሎን፣ አልሙኒየምና የባህር ውሃ ሲገናኙ ደግሞ አልሙኒየሙ ይበላል። ነጭ ዱቄት ቡሎኑ ሥር ካየህ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

ስለዚህ ምን ልግዛ ትለኛለህ። ባንተ ክብደት፣ ዝላይም ካለ፣ እኔ የምመርጠው መሃሉ ከድፍን አልሙኒየም የተቀረጸ፣ የዳር የዳሩ ግን ለብቻው የሚፈታና የሚቀየር የሆነውን ነው። ጠርዙ ድንጋይ ቢመታው እሱን ብቻ ትቀይራለህ። ይህን ካላገኘህ ወይም ዋጋው ካስፈራህ፣ መቀመጫው ወፍራም የሆነ ጥሩ የናይለን ሞዞ ከነስፔሰሩ ግዛ፤ ምን እንደሆነ ከማይታወቅ ርካሽ ፍስስ አልሙኒየም በብዙ ይሻልሃል። እንደ ኤምቢኤስና ትራምፓ ያሉ የቦርዱ ሠሪዎች ሞዞና መለዋወጫ ለብቻው ይሸጣሉ። የወደፊቱን ካሰብክ፣ ግማሹንና ቡሎኑን ለብቻ የምታገኝበትን ምረጥ።

አንድ ነገር ግን ይታሰብበት። የናይለን ሞዞ እንደ ቤት ፊውዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው፣ ርካሹም እሱ ነው። አልሙኒየም ስትገጥም ምቱ አይጠፋም፣ ወደ አክስሉና ወደ መሪው ክፍል ይሄዳል። ቀጭን አክስል ያለው የቆየ ቦርድ ላይ ጠንካራ ሞዞ ገጥመህ ከባድ ዝላይ ከዘለልክ፣ ቀጥሎ የሚጣመመው አክስሉ ነው። እሱን መቀየር ደግሞ ከሞዞ ይከብዳል።

ከገጠምክ በኋላ የግራና የቀኙን ጎማ በየተወሰነ ጊዜ አቀያይራቸው። ግፊቱ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ነው ብያለሁ አይደል፤ ስታዛውራቸው የሚጠመዘዙበት አቅጣጫ ይገለበጣል፣ ድካሙን ይካፈሉታል። ከባህር ዳር ስትመለስ በንጹህ ውሃ እጠባቸው፣ ግን በጠንካራ የውሃ ግፊት ኩሽኔታው ላይ አትተኩስ፤ ጨዋማውን ውሃና አሸዋውን ወደ ውስጥ ነው የምትገፋው። አልሙኒየም ከገዛህ ቡሎኖቹን ትንሽ ግሪስ ቀብተህ አስገባ።

ጥያቄ፦ እኔ የቆየ ቦርድ ነው ያለኝ። አክስሉ ቀጭን ነው፣ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው ተባልኩ። ያገለገለ ግን ጥሩ የሚመስል የሞዞ ስብስብ አግኝቻለሁ፣ ለ12 ሚሊ ሜትር አክስል የተሠራ ነው። ቀጭን ቆርቆሮ ወይም ፕላስተር ጠቅልዬ ልግጠመው? ደግሞስ ያገለገለ ሞዞ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፕላስተሩን ተይው። ቆርቆሮውንም። በ1000 ኒውተን የሚደበደብ ቦታ ላይ ፕላስተር አንድ ከሰዓት አይቆይም፤ አክስሉንም ይቧጭርብሻል።

ደስ የሚለው፣ ምናልባት ሞዞው ምንም አያስፈልገው ይሆናል። በማውንቴንቦርድ ላይ ብዙ የሚታየው ኩሽኔታ የውጭ ስፋቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው። የውስጥ ቀዳዳው 12 የሆነ አለ፣ 9.5 የሆነም አለ። ሞዞው የሚያውቀው የውጪውን 28 ብቻ ስለሆነ፣ ኩሽኔታውን በ9.5 ቀይረሽ፣ ስፔሰሩንም ለ9.5 የሚሆን አድርገሽ መግጠም ትችያለሽ። መጀመሪያ ግን በካሊፐር ለኪ፦ የአክስሉን ውፍረት፣ የመቀመጫውን ስፋት፣ የመቀመጫውን ጥልቀት። ባለ 12ቱ መደበኛ ኩሽኔታ 6001 ይባላል፣ ልኩ 12 በ28 በ8 ነው። አንድ የሚያሳስት አለ፤ 6000 የሚባለው ቀዳዳው 10፣ የውጭ ስፋቱ 26 ነው። ስሙ ይቀራረባል፣ ግን 28 መቀመጫ ውስጥ ገብቶ ይዋኛል። ቁጥሩን ከኩሽኔታው ጎማ ክዳን ላይ አንብቢው፣ «ተመሳሳይ ነው» የሚልሽን ሰው አትመኚ።

የጎማውንም ልክ አትርሺ። «ባለ 8 ኢንች» የሚለው የውጪውን ቁመት ነው የሚናገረው። ሞዞው ላይ የሚቀመጠው የጎማው የውስጥ ቀለበት ከሞዞው ጋር መግጠም አለበት፣ እሱን ሻጩን ጠይቂ ወይም ጎማሽን ይዘሽ ሂጂ።

ያገለገለ ሞዞ ስትመርጪ ጎማውን አስወልቂ። ጎማ ያልወለቀ ሞዞ ያልታየ ሞዞ ነው። ናይለን ከሆነ በእጅሽ ወደ ጎን ለመጥ እያደረግሽ ክንዶቹ ሥር ተመልከቺ፤ ነጣ ያለ መስመር ካየሽ ቁሱ ከአቅሙ በላይ ተለጥጧል፣ ስንጥቁ ከኋላው ይመጣል። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ክብ መሆን አለባቸው፤ ሞላላ ከሆኑ ላልቶ ተነድቷል። ከዚያ ኩሽኔታ አስገቢበት። በጠንካራ የአውራ ጣት ግፊት ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ ተብሎ ተመትቶ መግባት አለበት። ሞዞውን ስትገለብጪው ኩሽኔታው በራሱ ከወደቀ አትግዢው፣ በነጻም ቢሆን። መቀመጫው ሰፍቷል፣ በሙጫም አይመለስም።

ጥያቄ፦ አቤክ 9 የሚል ኩሽኔታ ብገዛ ሞዞዬን ያድንልኛል? ኳሶቹ ሴራሚክ የሆኑትስ?

መልስ፦ አያድንም። አቤክ የሚባለው ደረጃ ኩሽኔታው ምን ያህል በትክክለኛ ልክ እንደተሠራ ነው የሚናገረው፣ ስለ ጥንካሬ አንድም ቃል አይናገርም። ጥቅሙ በጣም ፈጣን ማሽን ላይ ነው። ባለ 200 ሚሊ ሜትር ጎማ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በደቂቃ 1060 ጊዜ ገደማ ነው የሚዞረው፤ ይህ ለ6001 ኩሽኔታ እንቅልፍ ነው። ኩሽኔታህን የሚገድለው ፍጥነት አይደለም፣ አሸዋና ከዝላይ ማረፍ ነው። 6001 ቆሞ የሚችለው ጭነት ከ2 ኪሎ ኒውተን ትንሽ በለጥ ይላል። አጋድመህ ስታርፍ ያንን ማለፍ ቀላል ነው፤ ያኔ ኳሶቹ መንገዳቸው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይሠራሉ፣ ጎማውን በእጅህ ስታዞረው እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን የጎማ ክዳን ያለውን ተራ ኩሽኔታ ግዛ፣ በብዛት ግዛ፣ መንኮሻኮሽ ሲጀምር ቀይር። ሳጥኑ ላይ 2አርኤስ የሚል ከሆነ ክዳኑ የጎማ ነው። ዜድዜድ የሚለው የብረት ክዳን ነው፤ አሸዋ ያሳልፋል። ሴራሚኩን ለሌላ ሰው ተወው።

ጥያቄ፦ ሞዞዬን ፈትቼ ስመልሰው ከመነዳሪው በሁለቱ ግማሽ መካከል እየተቆነጠጠ ይፈነዳብኛል። ቡሎኖቹም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እየላሉ አስቸገሩኝ።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስትፈታው ንፋሱን ጨርሰህ ታስተነፍሳለህ አይደል? ንፋስ ያለበትን ጎማ ቡሎኑን የፈታ ሰው ሁለቱ ግማሾች ፊቱ ላይ ሊበሩበት ይችላሉ። መጀመሪያ የቫልቩን ውስጠኛ አውጣ፣ ጎማውን ተጫነው፣ ከዚያ ቁልፍህን አንሳ።

ለመግጠም ሲሆን ከመነዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ንፋስ ስጠው። ባዶውን ካስገባኸው ይታጠፋል፣ የታጠፈው ነው የሚቆነጠጠው። ትንሽ ታልክ ፓውደር ጎማው ውስጥ ብትነሰንስ ከመነዳሪው ተንሸራቶ ቦታውን ይይዛል። ሁለቱን ግማሾች ስታገናኝ ዙሪያውን በጣትህ እየዳሰስክ ጎማ ያልገባበት መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ ቡሎኖቹን አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ ተቃራኒ ተቃራኒውን፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግህ አጥብቅ። ሁለቱ ፊቶች እኩል ሲነካኩ በቃ። ናይለን ላይ ከዚያ በላይ ብታጠብቅ ቡሎኑን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነው የምትጨፈልቀው። የተጨፈለቀ ፕላስቲክ ደግሞ ቀስ እያለ ይረግባል፣ ቡሎኑም ይላላል። ምናልባት የአንተ መላላት ከዚህ የመጣ ነው። ሰፋ ያለ ሮንዴላ ከቡሎኑ ራስም ከዳዶውም ሥር ብታደርግ ጭነቱ ይበተናል።

ዳዶዎቹ አፋቸው ላይ የናይለን ቀለበት ያላቸው መሆን አለባቸው። ቀለበቱ ተፈቶ ተገጥሞ ሲደጋገም መያዙን ያቆማል፤ ዳዶው በእጅህ ብቻ እስከ ጥግ የሚሄድ ከሆነ ጣለው፣ ሳንቲም ነው ዋጋው። ቡሎን የሚያጣብቀውን ፈሳሽ ግን ፕላስቲክ ሞዞ ላይ አልመክርህም፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል፣ በዚህ ዳዶ ደግሞ አያስፈልግህም።

ገጥመህ ስትጨርስ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የንፋስ መጠን ሳታልፍ ሙላው፣ መጀመሪያ አጠር ያለ ጊዜ ንዳና ተመልሰህ ቡሎኖቹን እንደገና ፈትሻቸው። አዲስ የተገጠመ ሞዞ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይቀመጣል፣ ስለዚህ አንድ ሩብ ዙር ቢጠብቅልህ አትገረም።